ከፌርማታው የማይነሳው ሰው

የአውቶቡስ ሾፌር ፌርማታ ላይ የተቀመጠ ሰው ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው እጁን ነው። ሊሳፈር የፈለገ ሰው እጁ አያርፍም፤ ካርዱን ይፈልጋል፣ ቦርሳውን ያነሳል፣ ምልክት ይሰጣል። ያ ሰው ግን ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ ባስቀመጣት ፌስታል ላይ አነባብሮ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አውቶቡሶች እየመጡ ይቆማሉ፣ በራቸው ተከፍቶ ይዘጋል፣ ይሄዳሉ። እሱ አይነሳም። የሚያየው ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሕንፃ ነው። ዓይኑ ያረፈበት የሦስተኛው ፎቅ መስኮት ደግሞ የእኔ ቤት መስኮት ነው።

መጀመሪያ ያየችው ልጄ ሃና ነበረች። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ገና መግባቷ ነው።

«ዳዲ፣ ሰውዬው ስቲል እዛው ነው» አለችኝ ከወጥ ቤቱ መስኮት። «ትናንትም ነበረ። ዊርድ አይደለም?»

ሄጄ አየሁ። ግራጫ ካፖርት፣ ቡናማ ባርኔጣ፣ ጠይም ረዥም ፊት። ሐበሻ ነው። ከመስኮቱ ራቅሁ።

ለምን እንደፈራሁ እንዲገባችሁ ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ተስፋዬ ነው። በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቼ ለንደን የገባሁ፣ ዋይት ሲቲ አንድ ፍላት ውስጥ ከሚስቴ ከሰናይትና ከልጃችን ጋር የምኖር የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ለፖለቲካ ሩቅ ነበርኩ። የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ግን ሁላችንንም እንደቀሰቀሰ እኔንም ቀሰቀሰኝ። ከምርጫው በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሲሞት፣ እዚህ ሰልፍ በወጣን ቁጥር ድምፅ ማጉያውን የምይዘው እኔ ሆንኩ። «ድምፃችን ተሰረቀ!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮኼአለሁ። ብዙም ሳይቆይ አገር ቤት ያለው ወንድሜ ታሰረ። ሲፈታ ስልክ ደወለልኝና «ስለ አንተ ጠይቀውኛል» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ የማላውቀው ሐበሻ ትክ ብሎ ካየኝ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሰናይት መስኮቱ ላይ መጥታ አየችውና «ፖሊስ ልጥራ?» አለች። የዚያን ጊዜዋን ለንደን የምታውቁ ታስታውሳላችሁ። ባለፈው ሐምሌ በባቡርና በአውቶቡስ ላይ ፈንጂ ፈንድቶ ሰው አልቋል። እኛ ሾፌሮች ባለቤቱ ያልታወቀ ቦርሳ ባየን ቁጥር ሞተር አጥፍተን ተሳፋሪ እናወርዳለን። ፌርማታ ላይ ውሎ አውቶቡስ የማይሳፈር ባለፌስታል ሰው አለ ብንል በደቂቃ ውስጥ ይከቡት ነበር። «ተይው፣ ገና ለገና» አልኳት። እውነቱን ለመናገር፣ ፖሊስ መጥቶ ስሜን እንዲጠይቀኝም አልፈለግሁም።

በዚያ ሰሞን ቤታችን እንግዳ ነበረ። የሰናይት አባት ፊታውራሪ ደርበው ለዓይን ሕክምና ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ወገባቸው ያልጎበጠ፣ ቁርስ ሊበሉ እንኳ ኮት ለብሰው የሚቀርቡ ሰው ናቸው። በንጉሡ ዘመን የአገራቸው ሕዝብ መርጧቸው ፓርላማ ገብተዋል፤ ደርግ አስሯቸው ወጥተዋል። በጣሊያን ጊዜ ከአባይ ማዶ የባንዳ ሹምባሽ፣ ማለት ለጣሊያን ያደረው ያገሬው ጦር አለቃ፣ እንደነበሩም አልደበቁንም። የሚያወሩት ግን እንዲህ ብለው ነው፦ «ቀን የጣሊያንን ልብስ እለብሳለሁ፣ ሲመሽ ለአርበኛው ጥይት አሻግራለሁ። የውስጥ አርበኛ ነበርኩ።» ሃና ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳስደገመቻቸው አላውቅም።

ሰውዬው ፌርማታው ላይ ከመታየቱ በፊት በነበረው እሑድ ሰናይት የምትሄድበት የአማርኛ ቸርች ይዛቸው ሄዳ ነበር። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ለልጃቸው ሲሉ ነው የሄዱት። ፓስተሩ በስማቸው ጠርቶ አስነሳቸውና «አርበኛ፣ የሕዝብ እንደራሴ፣ አባታችን!» ሲል ጉባኤው አጨበጨበ። የዓይናቸው ፋሻ የተነሳውም በዚያው ሳምንት ነው። እንደ ልጅ ነበር ደስ ያላቸው። መስኮቱ አጠገብ ወንበር አስቀርበው የአውቶቡሶቹን ቁጥር ጮክ ብለው ያነቡ ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ንባባቸው ድንገት ቆመ። «መጋረጃውን ዝጉት» አሉ።

«ብርሃኑ በዛብዎት አባባ?» አልኳቸው።

«ዝጉት ብያለሁ።»

ቀኑን ሙሉ በተዘጋ መጋረጃ ውስጥ መዋል ጀመሩ። ምግብ ቀነሱ። በር ሲንኳኳ አንገታቸውን ያቀናሉ። እኔ ግን የራሴን ፍርሃት ስለያዝኩ የእሳቸውን አላየሁም።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ከሼፈርድስ ቡሽ ወደ ሃርልስደን የሚወስደው መስመር ላይ ነበር ሺፍቴ። ገበያው አጠገብ ቆሜ ሰው ሳሳፍር ከሰልፉ መሀል ያቺን ቡናማ ባርኔጣ አየኋት። ሰውዬው ካርዱን አስነክቶ፣ ዓይን ለዓይን አይቶኝ አለፈ። የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠና ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

ያን መንገድ እንዴት እንደነዳሁት አላውቅም። በመስታወቱ ባየሁት ቁጥር እሱም ያየኛል። ሬዲዮውን አንስቼ ለተቆጣጣሪዎቹ ልንገር? ምን ብዬ? አንድ ሽማግሌ ፌስታል ይዞ ተቀምጧል ብዬ? ሰው በየፌርማታው ይወርዳል፤ እሱ አይወርድም። ሃርልስደን መጨረሻው ላይ ስንደርስ የቀረነው እኔና እሱ ብቻ ነበርን።

ሞተሩን አጥፍቼ ከሾፌሩ ክፍል ወጣሁ። «ጌታዬ፣ እዚህ ነው የሚያበቃው» አልኩት በእንግሊዝኛ።

«አውቃለሁ። ቤቴ ከዚህ ጀርባ ነው» አለኝ በአማርኛ።

«እነማን ናቸው የላኩህ?» ጮህኩ። «ቤቴን ለምን ትጠብቃለህ? ወንድሜ አልበቃችሁም?»

ግራ ገብቶት አየኝ። ከቅርብ ሲያዩት ወደ ሰባ የሚጠጋ፣ ጢሙን በጥንቃቄ የተላጨ ሰው ነው። «ማንም አልላከኝም» አለ። «አንተን ለመጠበቅም አልመጣሁም። የምፈልገው ሹምባሽ ደርበውን ነው።»

ሹምባሽ! ማንም ሰው በዚያ ስም ሲጠራቸው ሰምቼ አላውቅም።

«ተቀመጥ ልጄ» አለኝ፣ ወንበሩ የራሱ ይመስል። ተቀመጥኩ። ፌስታሉን ከፍቶ ቴርሞስ አወጣና ሻይ ቀዳልኝ። ከቴርሞሱ ሌላ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ብቻ ነበር ያለው።

ስማቸው አቶ አያሌው ነው። በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ያጫወቱኝን በአጭሩ ልንገራችሁ። አባታቸው ቢረሳው የሚባሉ አርበኛ ነበሩ። ሹምባሽ ደርበው በቤተ ክርስቲያን ምለው፣ «ታርቀህ ግባ፣ ምንም አይነካህም» ብለው ከጫካ ጠሯቸው። ቢረሳው መሐላውን አምነው ገቡ፤ ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም። አቶ አያሌው ያኔ በእናታቸው ሆድ ውስጥ ነበሩ።

«ዓመታት አለፉ፣ ጣሊያን ወጣ» አሉኝ። «ሹምባሽ ፊታውራሪ ሆኑ። ለፓርላማ እንወዳደራለን ብለው እኛ አገር ሕዝብ ሲሰበስቡ እናቴ እኔን ይዛ ሄደች። ጎረምሳ ነበርኩ። እሕዝቡ መሀል ቆማ ጠየቀቻቸው። ‹ባለቤቴ የት ነው?› አለች። ‹በመርከብ ወደ ጣሊያን አገር ተግዟል። ሌሎቹ ሲመለሱ አብሮ ይመለሳል፤ ጠብቂ› አሏት። እናቴም ጠበቀች። እስክትሞት ድረስ ጠበቀች። ተዝካር አላወጣችለትም፤ በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር አይወጣም ብላ።»

«አለመጋዛቸውን በምን አወቁ ታዲያ?»

«ከሹምባሽ ጭፍሮች አንዱ ታሞ ሊሞት ሲል አስጠራኝ። ‹የገደልነው እኛው ነን፤ እኛን አባረው የቀበሩት ግን ሹምባሽ ብቻቸውን ናቸው። ቦታውን ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም› አለኝ። ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ እስር ቤት ገቡ፣ እኔም ተሰደድኩ። ሞተዋል ብዬ ነበር። ባለፈው እሑድ ሚስቴ ከቸርች መጥታ ስማቸውንና የት እንዳረፉ ነገረችኝ፤ አማቻቸው የዚህ መስመር ሾፌር መሆኑንም።»

«ለምን በሩን አንኳኩተው አልገቡም?»

«ልጃቸው ፊት ላዋርዳቸው አልፈልግም። ክስም ካሳም አልፈልግም። እኔ አባቴን ቁርጥ ነኝ ይሉኛል። አይተውኝ ራሳቸው ይጠሩኛል ብዬ ነው የምቀመጠው። አልጠሩኝም። ለዚህ ነው አንተ ጋ የመጣሁት።»

ያን ዕለት ቤት ስገባ ሰናይት ሥራ፣ ሃና ትምህርት ላይ ነበሩ። ፊታውራሪ በተዘጋው መጋረጃ አጠገብ ከነኮታቸው ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ታች የሚቀመጠውን ሰው ያውቁታል?»

«የሞተ ሰው ነው ያየሁ የመሰለኝ» አሉ። «ዓይኔ ድኖ አጥርቼ ያየሁት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።»

«የቢረሳው ልጅ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ጠየቅኋቸው። መለሱልኝ። ሳያለቅሱ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ የመሬት ጉዳይ እንደሚያስረዳ ሰው። ጣሊያናዊው ካፒቴን ወይ የቢረሳውን ራስ ወይ የአንተን ብሏቸው ነበር። ስለዚህ ማሉ። «ቤቴ ገባ። በላ፣ ጠጣ። ሲወጣ ተያዘ» አሉ።

«ማን ያዘው?»

«እኔ።» መጋረጃውን እያዩ ቀጠሉ። «ካፒቴኑ ሕዝብ እንዲያየው ይሰቀል ብሎ ነበር። እኔ ነኝ ደብቄ የቀበርኩት። ከዝግባ ሜዳ ወንዙን እንደተሻገርክ ያባቴ አሮጌ አውድማ አለ። ከአውድማው በላይ፣ ከወይራው ሥር። ጅብ እንዳያወጣው ወፍጮ ድንጋይ ጭኜበታለሁ።»

«ታዲያ ሚስቱን ለምን ተግዟል አሏት?»

«ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ ጠየቀችኝ! ምን እንድላት ነው የምትፈልግ?» ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡ። «ተመርጬ ጤና ጣቢያ አሠርቼላቸዋለሁ። መንገድ አስቀይሼላቸዋለሁ። እሱ አይቆጠርም?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የተናገሩት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «ምርጫው ዕለት ከሴቶቹ ቀድማ ድምጿን የሰጠችኝ እሷ ነበረች። ባሏን አስመልስላት መስሏት።»

ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ። ያ የሽማግሌ እጅ እንዲህ ይጠነክራል ብዬ አላሰብኩም።

«ለሰናይት ትንፍሽ እንዳትል። ብትናገር እክዳለሁ። የምታምነውም እኔን ነው። ሰው ማሳመን ያረጀሁበት ሥራ ነው ልጄ።»

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ዕረፍት ስለነበርኩ ሁላችንም ቤት ነን። ለአቶ አያሌው ምን ብዬ እንደምመልስላቸው እያሰብኩ ሳለሁ በሩ ተከፈተና ሃና ከነጃንጥላዋ ገባች። ከኋላዋ አቶ አያሌው ውሃ እየተንጠባጠበባቸው ቆመዋል።

«ዳዲ፣ ፍሪዚንግ ነው፣ ታች ልተዋቸው አልቻልኩም። ደግሞ አባባን ያውቃሉ፤ የአገራቸው ሰው ናቸው!»

ሰናይት ሽማግሌ ስታይ ፍርሃቷን ሁሉ ረሳች። «ውይ በሞትኩት! ይግቡ አባቴ፣ ይቀመጡ» ብላ ካፖርታቸውን ተቀበለች። አቶ አያሌው አልተቀመጡም። ባርኔጣቸውን አውልቀው መኝታ ቤቱን በር ያያሉ።

በሩ ተከፈተ። ፊታውራሪ ክራቫት አስረው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ድምፁን ሰምተው የተዘጋጁ ይመስላል።

አቶ አያሌው እጅ ነሡ። «ሹምባሽ፣ እንደምን ሰነበቱ? የቢረሳው ልጅ ነኝ። ልወቅስዎት አልመጣሁም። ቦታውን ብቻ ይንገሩኝ።»

«የቢረሳው ልጅ!» አሉ ፊታውራሪ። ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። «አባትህ ጀግና ነበር። ለእናትህም ነግሬያት ነበር፤ ጠላት በመርከብ ጭኖ ወሰደው። እንዳንተ ያለ ልጅ ተክቶ መሄዱን በማየቴ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ።» ተራምደው ሄዱና እጃቸውን የአቶ አያሌው ትከሻ ላይ አሳረፉ። ሰናይት ዓይኗ እንባ ሞላ። አባቷን የምታይበት አስተያየት ኩራት ነበረበት።

አቶ አያሌው እጁን ከትከሻቸው ላይ አላነሱትም። «ሌላ የሚሉኝ የለም?»

«እግዚአብሔር ያጽናህ።»

«የምን ቦታ ነው የሚጠይቁት አባቴ?» አለች ሰናይት።

አቶ አያሌው አዩዋት። አንድ ቃል ቢናገሩ ይበቃ ነበር። «የቆየ ነገር ነው ልጄ። ይቅር» አሉና ካፖርታቸውን አንስተው ወደ በሩ ሄዱ።

ፊታውራሪ ወደ እኔ ዞሩ። ያ አስተያየት የአማች አልነበረም፤ የአዛዥ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፈራሁ። ሚስቴን አየሁ፣ ልጄን አየሁ። ዝም ብል ቤቴ እንዳለ ይቀጥላል። እኚያ ሰው ግን ያችን በር እንዲሁ ከወጡ ሌላ ጊዜ ደፍሬ እንደማልነግራቸው አወቅሁ።

«ከአሮጌው አውድማ በላይ ነው» አልኩ። «ከዝግባ ሜዳ ወንዙን ተሻግሮ፣ ከወይራው ሥር። ወፍጮ ድንጋይ ተጭኖበታል።»

አቶ አያሌው የበሩን እጀታ እንደያዙ ቀሩ።

«ምንድን ነው የምታወራው?» አለች ሰናይት።

«አባባ ነግረውኛል። አልተጋዘም። ምለው አስገብተው የያዙት፣ የቀበሩትም እሳቸው ናቸው።»

«ውሸት ነው! አባባ፣ ውሸት ነው ይበሉት!»

ፊታውራሪ አፋቸውን ከፈቱ። ሊክዱ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ሃና ግን «አባባ?» አለቻቸው፣ በቀስታ፣ ያን ታሪክ ይድገሙልኝ ስትል በነበረው ድምፅ። ወደ እሷ አዩ።

«ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጌ ነው የቀበርኩት» አሉ። «እንደ ክርስቲያን።»

አቶ አያሌው ግንባራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው «አውድማው፣ ወይራው፣ ወፍጮው» እያሉ እንደሚያጠና ተማሪ ደጋገሙት። ከዚያ ዞረው «ሲሞት ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። ፊታውራሪ መኝታ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

ሰናይት ለወራት አላነጋገረችኝም። አንድ ጊዜ ብቻ «ለእኔ ለብቻዬ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ልጄ ፊት፣ ባዳ ፊት?» አለችኝ። አባቷ ሳምንታት ሳይቆዩ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በክረምቱ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ዘመድ በስልክ አሰማን። አርበኛ፣ እንደራሴ፣ የወገን አለኝታ። ሰናይት ስልኩን ዘጋችው። በሐዘኑ ወራት የተጽናናችው በአንድ ነገር ብቻ ነበር። «ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርገውለታል። ልባቸው ጨርሶ አልከፋም ነበር» ትላለች፣ ለራሷ።

ዝናቡ አልፎ መሬቱ ሲደርቅ አቶ አያሌው ወደ አገር ቤት ሄዱ። በጥቅምት ደወሉልኝ። ወይራው ተቆርጧል፣ ወፍጮው ግን አፈር ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ከሥሩም አባታቸው ተገኙ። በቄስ ተፈትተው ከእናታቸው አጠገብ አረፉ። «ተዝካሩም ወጣ» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸው ቀነሰ። «ለአንተ ብቻ ልንገርህ። እጁ በሽቦ ታስሮ ነበር። ፊቱም ወደ መሬት ነበር። በግንባሩ ደፍተው ነው የቀበሩት። ለልጃቸው አትንገራት።»

አንባቢዎቼ፣ ይህ ነገር ምን ለወጠብህ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ዛሬም ሰልፍ እወጣለሁ፤ ድምፅ ማጉያ ግን አልይዝም። የሰው ድምፅ የሚሰረቀው በኮሮጆ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የአቶ አያሌው እናት ድምጿን ማንም ሳያስገድዳት ሰጠች፤ ቆጣሪውም በትክክል ቆጠረላት፤ ግን ከእሷ የበለጠ የተዘረፈ ሰው አላውቅም። አሁን ከአገር ቤት ወይም ከሌላ አገር አንድ ተመራጭ መጥቶ አዳራሽ ሲሰበስበን ከኋላ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ጥያቄ ሲፈቀድ እነሳና «ከዚህ በፊት ምን ይሠሩ ነበር? ያኔ አብረዋቸው የነበሩት ሰዎችስ ዛሬ የት ናቸው?» እላለሁ። አዘጋጆቹ አይወዱኝም። እናንተም ጠይቁ። በተለይ የምትወዱትን ጠይቁ፤ የማትወዱትን መጠየቅማ ለማንም አይከብድም።

ያን ቀን ከአቶ አያሌው ጋር በስልክ ሳወራ ሰናይት ሰምታኝ ነበር። መጥታ ፊቴ ቆመች።

«አገኟቸው?»

«አገኟቸው።»

«ወደ ምሥራቅ ነበር?»

አዎ ማለት ምንም አያስቸግርም ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጠብቂ ተብላ ዕድሜዋን የፈጀችው ሴት ትዝ አለችኝ፤ ለሚስቴ እንዲህ ያለ ተስፋ ልሰጣት አልቻልኩም። ነገርኳት። ሽቦውንም ነገርኳት።

አላለቀሰችም። ስልኩን ከእጄ ወስዳ እዚያው ቁጥር ላይ ደወለች። አቶ አያሌው ሲያነሱ «የደርበው ልጅ ነኝ» አለች። ፊታውራሪ አላለችም። «ሁሉንም ሰምቻለሁ። አባቴ በመጨረሻም ዋሽተዋችኋል። በእሳቸው ምትክ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው።»

ከወዲያ ማዶ የሽማግሌው ድምፅ እኔ እስክሰማው ድረስ ጠርቶ መጣ።

«ቦታውን ግን አልዋሹንም ልጄ» አሏት። «ቦታው እውነት ነበር።»